ማሽኑ 158 ይላል፣ ጤና ጣቢያው 130፦ የቱን እንመን?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው።

«እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ግፊት ስላለባት በየቀኑ ጠዋት አንድ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ትወስዳለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መለኪያ ላከላት። ራሷን ሲያማት እንለካታለን። አንዴ 158 በ96 ይላል፤ ከደቂቃ በኋላ ስንደግመው 141 በ88። ሌላ ቀን 150 በ92። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን ሁልጊዜ 130 በ80 ነው የሚሏት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሁለት ክኒን ትውጣለች፣ 120 ሲል ደግሞ ትተወዋለች። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? የቱን እንመን?»

ማሽኑን ትንሽ እናቆየውና ከክኒኑ እንጀምር። እናትዎን ቶሎ ሊጎዳ የሚችለው እሱ ነው። አምሎዲፒን እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያም የሚዋጥ፣ ሲሻል የሚተው አይደለም። ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው። ከተዋጠ በኋላ ደም ውስጥ መጠኑ ጫፍ የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው በየቀኑ ሳይዘለል አንድ ሳምንት ገደማ ሲወሰድ ነው። ስለዚህ እናትዎ ሁለተኛ ክኒን ውጠው በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ወረደልኝ» ካሉ፣ ያወረደው ክኒኑ አይደለም። አረፍ ማለታቸው ነው። ክኒኑ ሥራውን የሚጀምረው ሁላችሁም ከረሳችሁት በኋላ ነው። 120 ሲመጣ መተዋቸውም ያው ስህተት ነው፤ 120 የመጣው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነውና። ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። መጠኑን የሚቀይረው ሐኪማቸው ብቻ ነው። የጾም ቀን ክኒኑን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆዩ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት። ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። የማይሆነው ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ከሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ጭራሽ መርሳት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። 158 ብሎ ከደቂቃ በኋላ 141 ማለቱ የብልሽት ምልክት አይደለም። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች፤ እያንዳንዱ ምት የራሱ ግፊት አለው። ሰው ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ፣ ስልክ ሲጮህበት ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ከፍ ይላል። ጨርቁ ሲያጠብቅ ሰውነት ይደነግጣል፣ በሁለተኛው ይለምደዋል። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ የምጠረጥረው በየጊዜው አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠውን ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያው ይወስደናል። ሁልጊዜ 130 በ80? የማንም ሰው ግፊት እንዲህ አይረጋም። በእጅ በሚነፋው መለኪያ ሲለካ ባለሙያው በማዳመጫ ድምፅ እየሰማ የሰዓት መሳይዋን መርፌ በዓይኑ ይከተላል። ይህን ዘዴ ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በ1905 አስተዋወቀ፤ ጨርቁን ነፍቶ ክንድ ላይ ማሰሩን ደግሞ ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896። ዘዴው ጥሩ ነው። ችግሩ የሰው ዓይን ዜሮ ትወዳለች። 134 ወይም 138 ሆኖ ሳለ 130 ወይም 140 ብሎ መጻፍ በመላው ዓለም የታወቀ የሐኪምና የነርስ አመል ነው። እኔም ወረፋ ሲረዝም አድርጌዋለሁ። ባለመርፌው መለኪያ ራሱም በየጊዜው ካልተፈተሸ ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ አንዴ ከወደቀ ደግሞ ባይሰበርም ሊሳሳት ይችላል። እንግዲህ «ጤና ጣቢያው ልክ ነው፣ የቤቱ ማሽን ውሸታም ነው» የሚለውን ይተዉት። ተቃራኒውንም እንዲሁ። ሁለቱም ገና አልተመሰከረላቸውም።

የቤት መለኪያ የልብን ምት አይሰማም። ጨርቁን ነፍቶ የደም ሥሩን ይጫናል፣ ከዚያ ቀስ እያለ አየሩን ይለቃል። ደሙ እንደገና ማለፍ ሲጀምር የደም ሥሩ ግድግዳ ይርገበገባል፤ ማሽኑ ያንን ርግብግብታ ይለካል። ርግብግብታው ከሁሉ የሚጠነክርበት ነጥብ ወደ አማካዩ ግፊት የቀረበ ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ግን ማሽኑ በቀጥታ አያያቸውም፤ ፋብሪካው በሰጠው ቀመር ያሰላቸዋል። ቀመሩ የየኩባንያው ምስጢር ነው። ሁለት የተለያዩ ማሽኖች በአንድ ክንድ ላይ የተለያየ ቁጥር ቢያወጡ የማይገርመውም ለዚህ ነው።

«ትክክለኛ» የሚባለውስ የትኛው ነው? አሁን የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መስፈርት ማሽኑ ቢያንስ በ85 ሰዎች ላይ፣ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ከሚወሰድ ልኬት ጋር እንዲነጻጸር ይጠይቃል። በአማካይ ልዩነቱ ከ5 ነጥብ መብለጥ የለበትም፤ የልዩነቶቹ መበታተን ደግሞ ከ8። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፈተናውን ያለፈ ማሽን በእያንዳንዱ ሰው ላይ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ5 ነጥብ በላይ አይስትም ማለት አይደለም። በአማካይ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ 10 ሊስት ይችላል። ካርቶኑ ላይ ያለው የፈቃድ ምልክትም ይህን ፈተና ማለፉን አያረጋግጥም። ማረጋገጥ ከፈለጉ ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር በነፃ ይገኛል። ሞዴሉ እስከ መጨረሻዋ ፊደልና ቁጥር ድረስ ተመሳሳይ መሆን አለበት፤ የኩባንያው ስም ብቻ አይበቃም።

የአንጓ መለኪያው ዋና ችግር ግን ሌላ ነው፤ የስበት ጉዳይ ነው። ደም ፈሳሽ ነው። ቧንቧው ከልብ በታች ሲወርድ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከልብ በላይ ሲወጣ ይቀንሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በየ10 ሳንቲሜትሩ 8 ነጥብ ያህል። እናትዎ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ቢያሳርፉ፣ አንጓቸው ከልባቸው 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። 15 ነጥብ ያህል ተጨመረ ማለት ነው። 150 ያላችሁት ምናልባት 135 ነበር። እጃቸውን ትከሻ ድረስ ቢያነሱ ደግሞ በተቃራኒው ያለ አግባብ ደስ ትሰኛላችሁ። ፈተና ያለፉ የአንጓ መለኪያዎች አሉ፤ ክንዳቸው በጣም ወፍራም ሆኖ ምንም ጨርቅ ለማይበቃቸው ሰዎች እጠቀምባቸዋለሁ። ለሌላው ሰው ግን የላይኛው ክንድ መለኪያ ይሻላል። ከጠረጴዛ ላይ ካሳረፉት ክንድ በራሱ ልብ ትይዩ ይሆናልና። ቀን ከሌት እጅ ላይ የምትውለዋ ዘመናዊ ሰዓት ደግሞ ገና መድኃኒት የሚወሰንባት አይደለችም።

የላይኛው ክንድ መለኪያም ቢሆን ጨርቁ፣ ነርሶች ካፍ የሚሉት፣ ልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ጠባብ ጨርቅ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ሰፊው ዝቅ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል፦ በጣም ትልቅ ጨርቅ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር 20 ነጥብ ገደማ ተጨመረ። ትንሽ ጨርቅ የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭኖቹ ደግሞ ወደ 4 ነጥብ ዝቅ ብለው ታዩ። እኛ አገር ሁለተኛውም ያሳስበኛል። ክንዳቸው የሳሳ እናቶች ብዙ ናቸው፤ «ደህና ነዎት» ተብለው የሚሸኙትም እነሱ ናቸው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያምጡ። ከትከሻ አጥንት እስከ ክርን ያለውን ለሁለት ይክፈሉና መሐሉ ላይ ዙሪያውን ይለኩ። ጨርቁ ላይ «22–32 ሳንቲሜትር» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። የእናትዎ ልክ በዚያ ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ ቆም ብዬ ወዳነበብኳት ዓረፍተ ነገር ልምጣ። «ራሷን ሲያማት እንለካታለን።» ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ግፊቱ ሲጨምር በራስ ምታት የሚያውቀው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ግፊት 160 ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው ሞልቷል፤ 120 ሆኖ ራሱን የሚያመውም እንዲሁ። በዚያ ላይ ሕመም ራሱ ግፊት ይጨምራል። ጭንቀትም ይጨምራል። እናት ግንባራቸውን በሻሽ አስረው፣ ልጆች ከበው፣ አንዱ «ስንት መጣ? ስንት መጣ?» እያለ የተለካ ግፊት የዚያችን ደቂቃ ግርግር እንጂ የእናትዎን ሕይወት አይነግርም። በሚያም ቀን ብቻ እየለካችሁ ያጠራቀማችኋቸው ቁጥሮች በሙሉ ወደ ላይ ያጋደሉ ናቸው። ማሽኑ ባይዋሽ እንኳ አመራረጣችሁ ዋሽቷል።

አለካኩ እንዲህ ይሁን። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ከቁርስና ከክኒኑ በፊት። ማታ ከራት በፊት። የተሞላ ፊኛ ብቻውን 10 ነጥብ ሊጨምር ስለሚችል የሽንቱን ነገር አይናቁት። ከልኬቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና የለም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ «እስቲ ልለካ» አይሆንም። ጫትም ሲጋራም እንዲሁ። ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ጀርባቸውን ይደገፉ፣ እግር ሳያነባብሩ ሁለቱንም መሬት ላይ ያሳርፉ። በርጩማ አይሆንም፤ አልጋ ላይ ተንጋሎም አይሆንም። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ጨርቁ ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን ማጠፊያ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይታሰር። የሹራብ እጅጌ ሰብስቦ ወደ ላይ መግፋት ክንዱን እንደ ገመድ ያንቃል፤ ያውልቁት። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም። ማሽኑ ሲነፋም ዝም። ወሬ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ጠዋት በስልክ ከአሜሪካ ጋር እያወሩ የሚለኩ እናቶችን አውቃለሁ።

ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ በመሐል አንድ ደቂቃ ይተዉ። ሁለቱንም ይጻፉ። ከፍ ያለውን ሰርዞ ዝቅ ያለውን መጻፍ፣ ወይም «ጥሩ እስኪመጣ» 5 ጊዜ መድገም ራስን ማታለል ነው። ይህን 7 ቀን ያድርጉ። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ስለሆነ ይጣላል። ቀሪው 6 ቀን 24 ልኬት ይሰጣል። የላይኛዎቹን ደምረው ለ24 ያካፍሉ፣ የታችኛዎቹንም እንዲሁ። ሐኪም የሚፈልገው ያንን አማካይ ነው። ከዚያ በኋላ እናትዎ ደህና ከሆኑ በየቀኑ መለካት አያስፈልግም። ከቀጠሮ በፊት አንድ ሳምንት፣ መድኃኒት ሲቀየር አንድ ሳምንት፤ በቃ። ቀን በቀን 10 ጊዜ የሚለካ ሰው ጭንቀቱን ነው የሚለካው።

የትኛው እጅ? «ግራው ለልብ ስለሚቀርብ እሱ ነው እውነተኛው» የሚባለው ልማድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ይለኩ፤ ከፍ ያለ ቁጥር በሚያሳየው ይቀጥሉ። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ15 በላይ ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ሊኖር ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

አማካዩ ሲወጣ ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ? በጤና ተቋም 140 በ90 የሚባለው ወሰን ቤት ውስጥ 135 በ85 ነው። ሰው ቤቱ ሲሆን ስለሚረጋጋ የቤቱ ወሰን ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ወንድምዎ ከአሜሪካ ደውሎ «130 እኮ ግፊት ነው» ሊልዎ ይችላል። አልተሳሳተም። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ከ2017 ጀምሮ ወሰኑን 130 በ80 አድርገውታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ አብዛኛው አገር ደግሞ 140 በ90 ላይ ነው። ሁለቱም ግፊት ዝቅ ሲል እንደሚሻል ይስማማሉ፤ የተለያዩት «በሽታ» የሚለውን ስም የት ላይ እንለጥፍ በሚለው ነው። በስልክ መጣላት አያስፈልግም። ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው ሐኪማቸው ይበልጥ ዝቅ ያለ ግብ ሊያስቀምጥላቸው ይችላል።

የ7 ቀኑ አማካይ ከ135 በ85 በታች ከሆነ የክኒኑ መጠን በቂ ነው፤ አንጓው ነበር ያሳሳታችሁ። በላይ ሆኖ ጤና ጣቢያው አሁንም 130 ካለ ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብቻ የሚጨምር ግፊት እንዳለ ብዙ ሰው ሰምቷል። ተቃራኒውም አለ፦ ሐኪም ፊት ደህና መስሎ ቤት ውስጥ የሚጨምር። ድብቅ ግፊት ነው። ልብና አንጎልን የሚጎዳው እንደ ግልጹ ግፊት ነው፤ የሚገኘው ደግሞ ከጤና ተቋም ውጭ፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ፣ በመለካት ነው። ስለዚህ «ጤና ጣቢያ ደህና ነሽ ብለውኛል» ብለው ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ እንዳይተዉት። በተቃራኒው አማካዩ ዝቅ ያለ ሆኖ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ ቆመው ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። የላይኛው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ይህንንም ለሐኪሙ ያሳዩ፤ በእሳቸው ዕድሜ መውደቅ ራሱ አደጋ ነው።

ማሽኑን ለመፈተሽ ከፈለጉ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። በአንድ ክንድ ላይ፣ እያፈራረቁ፣ የእናንተው ሁለት ጊዜ፣ የእነሱ አንድ ጊዜ፣ እንደገና የእናንተው፣ እንደገና የእነሱ። በአማካይ ልዩነቱ እስከ 5 ከሆነ ይሠራል። ከ10 በላይ ከሆነ ይጣል። በመሐል ከሆነ ጨርቁን ይፈትሹ። በየዓመቱ አንዴ ይህን ማድረግ ጥሩ ነው። ሠፈር ያለ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ግን «ልክ አስተካክላለሁ» ቢልዎ አይስጡት። ቀመሩ ቺፑ ውስጥ ነው፣ በመፍቻ አይነካም።

ማሽኑ ላይ የተዘበራረቀ የልብ ምት ምልክት ደጋግሞ ከበራ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ምቱ ሥርዓት ሲያጣ ማሽኑ ይቸገራል፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካይ መውሰድ ይሻላል። የልብ ምርመራም፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ በርቶ ከጠፋ እጃቸውን አንቀሳቅሰው ይሆናል።

አንድ ቁጥር ብቻ እንዲያስታውሱ ብጠየቅ 180 በ120 እላለሁ። ይህን ካዩ 5 ደቂቃ አርፈው ይድገሙ። አሁንም እዚያው ከሆነና የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መንተባተብ ካለ ሌላ ልኬት አይጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ካሉ ቁጥሩ 150 ቢሆንም ይሂዱ። ምልክት ከሌለ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ፤ ቤት ውስጥ ተጨማሪ ክኒን ወይም ከጎረቤት የተበደሩት መድኃኒት አይዋጥ። በፍጥነት ማውረድ ራሱ አንጎልን ደም ሊያሳጣ ይችላል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው፤ የቱንም ቁጥር እስካሁን አትመኑ። ክኒኑ በቀን አንድ ይሁን። የአንጓው መለኪያ ወደ ጎን ይቀመጥና የላይኛው ክንድ ይገዛ። እሱ እስኪመጣ የአንጓውን ካልተዉት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው አንጓው ልብ ትይዩ ሆኖ ይለኩ፤ በዚያ ቁጥር ግን መድኃኒት አይቀየር። አዲሱ ሲመጣ 7 ቀን ተለክቶ ደብተሩ ከነማሽኑ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ወንድምዎ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የእናትዎን የክንድ ዙሪያ በሳንቲሜትር ይላኩለት።